የከብት ጫኝ መኪና ኮድ ሲያወጣ መጀመሪያ ምን ይታያል?

ከዱብሉቅ ገበያ ሰንጋ ጭኖ ወደ አዳማ ማድለቢያዎች የሚጓዝ መኪና ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሲበራበት፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስካነር ይሰካል፣ ኮድ ይነበባል፣ ከኮዱ ጋር ስሙ የተነሣ ዕቃ ተገዝቶ ይቀየራል። በቀጣዩ ጭነት መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

ኮድ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም። የሞተሩ ኮምፒውተር ከሴንሰሮች የሚደርሰውን ልክ ከሚጠብቀው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ከገደብ ሲያልፍ ቁጥር ይመዘግባል። «ፒ0087» ለምሳሌ የሚለው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄደው ናፍጣ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች መውረዱን ብቻ ነው። ለምን ወረደ የሚለው የመካኒኩ ሥራ ነው።

ይህ ኮድ የከብት ነጋዴውን በተለይ የሚነካው ጭነትና ዳገት ሲገናኙ የሚወጣ በመሆኑ ነው። በከፊል በተደፈነ ፊልትሮ የሚያልፈው ናፍጣ ለባዶ መኪና ሜዳ ላይ ይበቃል፤ ለሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ያንሳል። ስለዚህ ፍለጋው ከርካሹ ይጀምራል። የናፍጣ ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? ከሥሩ የተጠራቀመው ውሃ ፈሷል? ከታንክ ወደ ፖምፓ የሚመጣው ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል? ናፍጣ ከጀሪካን የሚቀዳባቸው የጠረፍ ከተሞች ላይ ለሚመላለስ መኪና እነዚህ ጥያቄዎች ይበልጥ ይሠራሉ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የኖዝሎቹ ተመላሽ ናፍጣ ይለካል። ከየኖዝሉ የሚመለሰው በየራሱ ጠርሙስ ይጠራቀማል፤ ከሌሎቹ በጣም አብልጦ የሚመልሰው ኖዝል አልቋል ማለት ነው። የከፍተኛ ግፊት ፖምፓው የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ነበረበት፤ ዋጋው ከባድ ነውና። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚከሰሰው እሱ ነው።

«ፒ0299» ሲወጣም አካሄዱ ይኸው ነው። የቱርቦው አየር አንሷል ማለት ቱርቦው ሞቷል ማለት አይደለም። የላላ የቱቦ ማሰሪያ ወይም የተቀደደ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ አቧራ የሞላው የአየር ፊልትሮም መታየት አለበት።

ኮዱ ሳይነበብ ባትሪ መንቀል ማስረጃ ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ከኮዱ ጋር የዚያን ቅጽበት የሞተር ዙር፣ ፍጥነትና የውሃ ሙቀት ያስቀምጣል፤ ጥፋቱ ዳገት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ለቤት መኪና የተሠራ የ12 ቮልት ስካነር ግን በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ መሰካት የለበትም፤ ሊቃጠል ይችላል። ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው የቆዩ አይሱዙዎች ደግሞ ኮድ የላቸውም፤ እነሱን በጆሮና በእጅ መመርመር ነው።

መንገድ ላይ ውሳኔው በመብራቱ ቀለም ይጀምራል። የዘይት ወይም የሙቀት ቀይ መብራት ከሆነ ወዲያው ቆሞ ሞተር ይጠፋል። ቢጫ ከሆነና ሞተሩ ጉልበት ቀንሶ የሚሄድ ከሆነ፣ ጥላና ውሃ እስካለበት ከተማ በዝግታ መድረስ ይሻላል። መኪና ሲቆም በከብቶቹ መሐል የሚያልፈው ነፋስም ይቆማል። መወጣጫ በሌለበት ከብት ማውረድ ደግሞ እግር ያሰብራል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በጉዞ መጓተት 5 በመቶ ክብደት ቢያጣ 15 ኪሎ ነው፤ ጭነቱ 16 ሰንጋ ቢሆን 240 ኪሎ ይሆናል። ከሱ ጎን የፊልትሮ ዋጋ ምንም አይደለም።

ይህን ኪሳራ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ነጋዴውና ባለ መኪናው ሲጣሉ አንዱ «ከብቱ ድሮም የደከመ ነበር»፣ ሌላው «መኪናህ ነው ያዘገየን» ይላል። ኮዱ ከመሰረዙ በፊት የስካነሩ ገጽ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውና ሰዓቱ በስልክ ፎቶ ከተነሡ የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራቸዋል። የጭነት ውሉ ላይም ፊልትሮ በስንት ኪሎሜትር እንደሚቀየርና በማን ወጪ እንደሆነ ከመጫኑ በፊት ይጻፍ።