ቦሌ ሲገነባ አየሩ ምን ሆነ?

ዛፍ ዝናብ ያመጣል ወይ የሚለው የቆየ ክርክር አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ይነሳል። ምሥራቅ አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከገርጂ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው መረሬ መሬት በኮንዶሚኒየም፣ በሪል ስቴትና በአስፋልት ተሸፍኗል። ታዲያ ይህ ዝናባችንን ቀነሰው? እንደ እኔ ግምት የተለወጠው የዝናቡ መጠን ሳይሆን ዝናቡ ከወረደ በኋላ የሚሆነው ነው። የክረምቱ ርጥበት የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር፣ እንዲሁም ከአትላንቲክ ተነስቶ የኮንጎን ተፋሰስ አቋርጦ። የኮንጎ ደን የወረደበትን ዝናብ መልሶ እያተነነ ለነፋሱ ስለሚያቀብል፣ ዛፍ ዝናብ ያመጣል ባዮች ስለ አህጉር ሲናገሩ ልክ ናቸው። ስለ አንድ ክፍለ ከተማ ሲናገሩ ግን ያበዙታል።

ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ አፈሩ ባቆረው ውሃ የሚደርስ ሰብል ነው፤ መረሬው ከመስከረም በኋላም ለወራት ያተን እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን የሚፈጀው ኃይል ያንኑ ውሃ ከቀዝቃዛነት እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚፈጀው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ዛሬ ውሃው በቱቦና በቦይ ወደ አቃቂ ስለሚወርድ ፀሐይ የምታተነው አታገኝም፤ ኃይሏ ኮንክሪቱን ያግላል፣ ኮንክሪቱም ሙቀቱን ሌሊት ለአየሩ ይመልሳል።

መረሬ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሰርግም፣ ጎርፉ ድሮም ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማሳ ላይ የተኛ ውሃ እዚያው ቀስ እያለ ይተናል፣ አስፋልት ላይ የወረደው ግን በደቂቃዎች ታች ሰፈር ይደርሳል። ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የበጋው ነው። ከጥር በኋላ የደረቀ ጥቁር ማሳ ቀን ላይ ዛፍ ካለበት የከተማ ግቢ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ የከተማውን ጫና በየካቲት እኩለ ቀን የሚፈልግ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ሌሊት ይፈልገው። ዓለም ሁሉ እየሞቀ ቦሌን ለብቻ ምን አመጣው ለሚል፣ ሁለቱን መለየት ይቻላል። በአውሮፕላን ማረፊያው የሚለካውን የሌሊት ሙቀት በተመሳሳይ ከፍታ ካሉ የገጠር ጣቢያዎች ጋር ማስተያየት ነው፤ ሁሉም ጋ እኩል የጨመረው የዓለም ነው፣ ቦሌ ላይ ብቻ የተረፈው የግንባታው።