ጥርስ ማሠራትም ተራ አለው

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይህን ያውቃል። ሴራሚኩ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ የቧንቧው መስመር መቀየር እንዳለበት ይታወሳል። ከዚያ የተነጠፈው ይሰበራል፤ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ይከፈላል። ጥርስም እንደዚያው ነው።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ የሁለት ክሊኒኮችን የዋጋ ዝርዝር ይዛ መጣችና «ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ፣ የቱ ያዋጣኛል?» አለችኝ። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ከመጀመሪያውም አልበቀለም፤ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ተጠግተዋል። አንድ የበሰበሰ መንጋጋም አላት። አንዱ ዝርዝር «ኢምፕላንት አሁኑኑ ይተከል» ይላል። ሌላው በሙሌትና በብሬስ ይጀምራል፤ ድምሩም ከፍ ይላል፣ ጊዜውም ይረዝማል። እሷ ልቧ ያለው ርካሹ ላይ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አሠራሩን ሳጠያይቅና ሳነብ፣ ጥያቄው ከዋጋ በፊት የቅደም ተከተል መሆኑ ገባኝ።

ጥርስ በብሬስ የሚንቀሳቀሰው ሥሩ ከአጥንት ጋር ስላልተጣበቀ ነው። በመሃል ቀጭን ጅማት አለ። ሽቦው ሲገፋ አጥንቱ በአንድ ወገን እየሟሟ፣ በሌላው ወገን እየተሠራ ጥርሱን ያሳልፈዋል። ኢምፕላንት ግን ይህ ጅማት የለውም፤ ቲታኒየሙ ከአጥንት ጋር ይዋሐዳል። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው ይህን ጠባዩን ተማምኖ ነው። ጥንካሬው ከዚያ የመጣ ነው፣ ግትርነቱም እንዲሁ። አንዴ ከያዘ ብሬስ አያነቃንቀውም።

ስለዚህ የተለመደው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በሽታውን ማቆም። የበሰበሰው ይሞላል፣ የታመመ ድድ ይታከማል። ብሬስ ምግብ ስለሚይዝ ጽዳቱን ያከብደዋል፤ በታመመ ድድ ላይ ጥርስ መግፋት ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ቀጥሎ ብሬስ። ከዚያ በኋላ ነው ኢምፕላንቱ፣ ብሪጁና ክራውኑ በአዲሱ አነካከስ ልክ የሚሠሩት። እስከዚያ መሸፈን ያለበት ጥርስ ካለ ጊዜያዊ ክራውን ይደረግለታል። ጥርሶቹ ወደ ድሮ ቦታቸው እንዳይመለሱ ደግሞ ሪቴይነር ይከተላል።

ሐኪሙ አስቦበት ኢምፕላንቱን የሚያስቀድምበት ጊዜም አለ፤ ሌሎቹን ጥርሶች የሚጎትትበት መልሕቅ ሲፈልግ። ልዩነቱ ማሰቡ ላይ ነው። ሥራው ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዕቅዱ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ብሬሱ ስንት ሚሊሜትር ክፍተት እንደሚከፍት የሚወስነው በመጨረሻ የሚገባው ጥርስ ስፋት ነው። ስለዚህ ብሬስ የሚያስረውና ጥርስ የሚተክለው ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን መነጋገር አለባቸው።

በእኛ ትምህርት ቋንቋ ካየነው፣ የሚመለስ ውሳኔ አለ፣ የማይመለስም አለ። ሙሌት ይቀየራል፣ ብሬስ ይፈታል። ለክራውን የተሞረደ ጥርስ ግን መልሶ አያድግም፤ አጥንት የያዘ ኢምፕላንትም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። የማይመለሰው ወደ መጨረሻ ይቆይ፤ የርካሹ ዝርዝር ርካሽነት እኮ የሚታወቀው ሁለተኛ ካልተሠራ ብቻ ነው።

እናም ዝርዝር ሲሰጣችሁ ከድምሩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቱ ይቀድማል? ለምን? የሚቀጥለው ሐኪም ይህን ዕቅድ አይቶታል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።