ስለ ማስታወስ፤ የአንድ ሰው አንጎል ያስተማረን

ፈተና ሲቃረብ በየመኝታ ክፍላችን የሚሰማው እሮሮ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጭንቅላቴ ሞልቶ ሊፈስስ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሌሊቱን ሙሉ ያነበብሁት ሁሉ በጧት በነነብኝ» እያለ ያማርራል። ሁለቱም ሳያውቁት አንድ ሐሳብ ይዘዋል፤ ይኸውም የሰው አእምሮ እንደ ጎተራ ነው፣ እህሉ ከገባ ገባ፣ ቀዳዳ ካለውም ይፈስሳል የሚል ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ የደረሱበትን ስንመለከት፣ ነገሩ ከጎተራ እጅግ የራቀ ሆኖ ስላገኘነው ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእያንዳንዱ ሰው አንጎል ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገኝ ጠምዘዝ ያለ ክፍል አለ። ርዝመቱ ከትንሽ ጣት እምብዛም አይበልጥም። የቦሎኛው የአካል ሊቅ ጁልዮ ቼዛሬ አራንዚዮ ቅርጹ ከባሕር ፈረስ ጋር ቢመሳሰልበት፣ በ1587 ባሳተመው መጽሐፍ ሂፖካምፐስ ሲል ሰየመው። ሂፖ የሚለውን ሰምቶ ጉማሬን የሚያስብ አይጠፋም፤ የተባለው ግን አንገቱን ደፋ፣ ጅራቱን ጥቅልል የሚያደርገው ትንሹ ዓሣ ነው። ስሙ እንዲህ ቀድሞ ቢወጣለትም ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆየ። የማሽተት ሥራ ነው የሚሉም ነበሩ።

ምስጢሩን የገለጠው የአንድ ሰው ጉዳት ነው። ሄንሪ ሞላይሰን በ1926 በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት የተወለደ ጸጥተኛ ሰው ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይዞት፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር በሽታውም እየባሰ ሄደ። መድኃኒቱ ሁሉ አልረዳውም፤ ሥራ ሠርቶ መኖርም አቃተው። በመጨረሻም በኦገስት 25 ቀን 1953፣ የ27 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ ዊልያም ስኮቪል የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ፣ ከአንጎሉ ከግራና ከቀኝ የሂፖካምፐሱን አብዛኛውን ክፍልና በዙሪያው ያለውን አወጣለት። የሐኪሙ ተስፋ የበሽታው መነሻ በዚያ አካባቢ ይሆናል የሚል ነበረ።

በሽታው በእርግጥ በጣም ቀለለለት። ነገር ግን ሄንሪ ከአልጋው ሲነሣ የሚያስታምሙትን ሰዎች ማወቅ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውንም መንገድ መለየት ተሳነው። ዛሬ ያሳዩትን ነገ አያውቀውም፤ ነገ ማለታችን ቀርቶ፣ አሁን ያነጋገረውን ሰው ፊቱን አዙሮ ሲመለስ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል።

በ1955 ብሬንዳ ሚልነር የምትባል የሥነ ልቡና ሊቅ ከካናዳ ከሞንትሪያል ሄዳ መረመረችው። ቀኑን ብትጠይቀው ማርች 1953 ነው አላት፤ ዕድሜህስ ብትለው 27 አለ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ለእርሱ ጊዜው ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ሰውየው አእምሮው አልደነዘዘም። የሚናገረው ሁሉ በሥርዓት ነው፤ ቀልድ ያውቃል፤ የማሰብ ችሎታውን ለመለካት የተሰጠውንም ፈተና ከመካከለኛው ሰው በላይ አድርጎ ሠርቷል። ሚልነርና ስኮቪል ይህን በ1957 አሳትመው ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ማስታወስን የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሳይነሣ ሥራውን የሚጀምር አይገኝም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጊዜ ሚልነር 584 የሚለውን ቁጥር ያዝ ብላው ወጣች። ሄንሪም እንደ ቃል ትምህርት ቤት ልጅ እየቀጸለ፣ አኀዞቹን እየደመረና እየከፈለ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይዞ ቆያት። ሆኖም ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ዞር ባለ ጊዜ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያዝ መባሉንም ረሳው። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በአእምሮ ይዞ ማቆየትና ያንኑ ነገር ለዘለቄታው ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ሄንሪ የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነበረ።

ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነቀን ግን የኮከቡ ፈተና ነው። ሚልነር በወረቀት ላይ ድርብ መስመር ያለው ኮከብ አቅርባ፣ ሄንሪ እጁን በቀጥታ ሳያይ በመስተዋት ብቻ እየተመለከተ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲከተል አዘዘችው። ይህ ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው፤ እጅ ወደ ቀኝ ልሂድ ሲል መስተዋቱ ያሳስተዋል። ሄንሪም በመጀመሪያው ቀን ብዙ ተሳሳተ። በሁለተኛው ቀን ተሻለው፤ በሦስተኛው ቀን ምንም ያህል ስሕተት ሳይኖርበት ጨረሰው። በየቀኑ ግን ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሠርተኸው ታውቃለህን ሲሉት፣ በጭራሽ አላውቅም ይል ነበር። በመጨረሻው ቀን እንዲያውም፣ ከባድ ይሆናል ብሎ የጠበቀው ነገር በመቅለሉ ራሱ ተገረመ።

እጁ ተማረ፤ እርሱ ግን መማሩን አላወቀም። ብስክሌት መንዳት ወይም ክራር መምታት የቻለ ሰው ያን ችሎታ የሚያኖረው የትናንቱን ወሬ ከሚያኖርበት መንገድ በተለየ ነው ማለት ነው። «የማስታወስ ኃይል» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር፣ እንዲህ ሲታይ አንድ አይደለም።

እንግዲህ ሂፖካምፐስ ጎተራው ነው እንዳንል፣ ሄንሪ ወላጆቹን፣ የልጅነት ቤቱንና በትምህርት ቤት የተማረውን አልረሳም። ጎተራው ቢወሰድ ኖሮ እህሉም አብሮ በተወሰደ ነበር። ስለዚህ ሂፖካምፐስ ያየነውን፣ የሰማነውንና የነበርንበትን ቦታ አንድ ላይ አስሮ፣ በአንጎል ቅርፊት ዘንድ እየሰነበተ እንዲጸና የሚያደርግ ክፍል ነው የሚለው አሳብ የብዙዎቹ ሆነ። በኋላ የተደረገው ጥልቅ ምርመራ ግን ሌላም ነገር አሳየ፤ ሄንሪ የልጅነቱን ዘመን በጥቅሉ ያውቃል እንጂ፣ አንዲቱን ቀን ነጥሎ እንደ ሆነችው አድርጎ መተረክ የሚችለው እጅግ በጥቂቱ ነበረ። ስለዚህ አሮጌ ትዝታ ሁሉ ከሂፖካምፐስ ነጻ ይወጣል ወይስ አይወጣም በሚለው ነገር ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምንናገረው አለን። ስኮቪል ራሱ ያደረሰውን ጉዳት ካየ በኋላ ሌሎች ሐኪሞች ይህን ቀዶ ጥገና እንዳይደግሙት አስጠንቅቋል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሄንሪ ግን ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስት ዓመት ኖሮ፣ ዘመኑን ሁሉ ሲመረመር ከረመ። በዲሴምበር 2 ቀን 2008 በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ስሙ ተሸሽጎ በኤች. ኤም. ብቻ ይታወቅ ነበር። ሱዛን ኮርኪን የምትባል ሌላ ሊቅ አርባ ስድስት ዓመት ያህል ስታጠናው፣ እርሱ ግን ማንነቷን በውል ሳያውቅ ቀረ። ሲጠይቁት ሌሎችን የሚረዳ ከሆነ ደስ ይለኛል ይል እንደ ነበረ ይነገራል። ደግነቱን አንጠራጠርም። ነገር ግን የተስማማበትን ጉዳይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የማያስታውስ ሰው «ተስማማሁ» ቢል፣ ቃሉ እንደ ሌላው ሰው ቃል ሊቈጠር ይገባልን? የሕክምናና የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ቢከራከሩበት የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው። ከሞተም በኋላ በ2009 አንጎሉን በሳን ዲዬጎ 2,401 ሥሥ ቅጠል አድርገው ቈርጠው አጥንተውታል።

ከሄንሪ ወዲህ የታወቀው ብዙ ስለ ሆነ፣ የሚበልጠውን ብቻ እንጠቅሳለን። በ1971 በሎንዶን ጆን ኦኪፍና ባልደረባው፣ አይጥ በአንድ ቦታ ስትቆም ብቻ የሚነቃ የነርቭ ሕዋስ በሂፖካምፐስ ውስጥ እንዳለ አገኙ። ስትዞር ሌላው ሕዋስ፣ ጥግ ስትደርስ ደግሞ ሌላው ይነቃል፤ ስለዚህ አይጧ የምትሄድበትን አገር ካርታ በራሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ኦኪፍ በዚህ ሥራ ከኖርዌይ ሊቃውንት ከሜይ ብሪትና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር በ2014 የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። በ1973 ደግሞ ቲም ብሊስና ቴርዬ ሌሞ ጥንቸል እየመረመሩ፣ በሂፖካምፐስ ወደሚገኙት ሕዋሳት የሚሄዱትን ነርቮች በኤሌክትሪክ ደጋግመው ቢያነቁ በመካከላቸው ያለው መገናኛ በርትቶ ለብዙ ሰዓት እንደሚቆይ አሳዩ። በእግር የሚመላለሱበት ጐዳና እየሰፋ እንደሚሄድ መሆኑ ነው።

የሎንዶን ታክሲ ነጂ ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ይህም ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በ2011 የታተመ የኤሊኖር ማጓየርና የባልደረባዋ ጥናት 79 ተማሪ ነጂዎችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ፣ ፈተናውን ያለፉት 39ኙ የሂፖካምፐሳቸው የኋለኛው ክፍል እንዳደገ፣ የወደቁት ግን እንዳላደገላቸው አመለከተ። ደስታው ግን ሙሉ አይደለም፤ ያለፉት አንድን አዲስ ሥዕል አይቶ በማስታወስ ፈተና ከሌሎቹ አንሰው ተገኝተዋል።

አሁን ወደ መኝታ ክፍላችን እንመለስ። ዊልሰንና ማክኖተን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1994 ያሳተሙት ሥራ፣ አይጥ ቀን ስትመላለስ አብረው የነቁት የሂፖካምፐስ ሕዋሳት በኋላ ስትተኛ እንደገና አብረው እንደሚነቁ ይገልጻል። አይጧ የዋለችበትን መንገድ ተኝታ ትደግመዋለች ብንል ከእውነቱ አንርቅም። በ2007 ደግሞ የሃርቫርድ መርማሪዎች ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ጐልማሶችን በማግሥቱ አዳዲስ ሥዕሎች እያሳዩ አንጎላቸውን ተመለከቱ። ተኝተው ካደሩት ጋር ሲያስተያዩአቸው፣ በእነዚህ ዘንድ ሂፖካምፐስ ሥራውን ቀንሶ ተገኘ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በተጠየቁም ጊዜ ካዩት ሥዕል ያስታወሱት ያነሰ ሆነ።

ሌሊቱን ሙሉ ያነበበው በጧት የበነነበት ጓደኛችን ይህን ቢሰማ፣ የጠፋበት የሌሊቱ ንባብ ብቻ ሳይሆን የዚያን ዕለት ትምህርትም ጭምር መሆኑን በተረዳ ነበር። ልንነግረው ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን በትምህርቱ ሰዓት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት ስላገኘነው ሳንቀሰቅሰው ቀረን።