የተጋገረ የአጃ ቁርስ ከፍራፍሬና ከቅመም ጋር፦ የስኳር ህመም ላለባቸው

የስኳር ህመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ካለብዎ «አጃ ይብሉ» ተብለው ይሆናል። ምክሩ ጥሩ ነው። ጥቅሙ ግን አጃው በምን መልክ እንደተዘጋጀ፣ ምን እንደተጨመረበትና ምን ያህል እንደተበላ ይወሰናል።

አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አለው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ስለሚወፍር፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። በቀን 3 ግራም ያህል ማግኘት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ለመቀነስ ይረዳል። አጃው እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ግን ቶሎ ይፈጫል። ስለዚህ ስኳር የገባበት ቀጭን የአጃ አጥሚት ለወላድ ቢስማማም፣ ለስኳር ህመምተኛ ጥሩ ምርጫ አይደለም። ለዚህ ቁርስ ዱቄቱን ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ የተዳመጠውን አጃ ይግዙ። ማሸጊያው ላይ ስኳር እንዳልተጨመረበት ያረጋግጡ።

ሁለት ኩባያ አጃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማና ቁንጥር ጨው ይቀላቅሉ። በሌላ ዕቃ አንድ የበሰለ ሙዝ ፈጭተው ከአንድ እንቁላልና ከሁለት ኩባያ ወተት ጋር ይምቱ። ሁለቱን አዋህደው አንድ ፖም ከነልጣጩ ከትፈው ይጨምሩ። ስኳርም ማርም አያስፈልገውም፤ ጣፋጩ ከሙዙ ይመጣል፣ ቅመሙም ያግዘዋል። ዘይት በተቀባ መጋገሪያ አድርገው በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩ። ኦቨን ከሌለ የማይጣበቅ መጥበሻ ከድኖ በጣም በዝግታ እሳት ማብሰል ይቻላል፤ መሃሉ እስኪጠና ይጠብቁ። በጾም ወቅት ወተቱን ባልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተት፣ እንቁላሉን ደግሞ በሦስት ማንኪያ ውሃ በተበጠበጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ይተኩ።

ስድስት ቦታ ይቁረጡት። አንዱ ቁራጭ ከ30 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። ሁለት ቁራጭ ከበሉ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ «አጃ ስለሆነ አይጎዳም» በሚል። ከቁራጩ ጋር እርጎ ወይም ለውዝ ቢበሉ ጠግበው ይቆያሉ። በቤትዎ የስኳር መለኪያ ካለ ከመብላትዎ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክተው ለእርስዎ እንዴት እንደሚስማማ ይዩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ለማስተካከል ሐኪምዎን ያማክሩ።

ስለ ቀረፋ አንድ ነገር እንበል። ስኳር ይቀንሳል ተብሎ በየሰፈሩ ይወራል፤ ግን መድኃኒትን አይተካም። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በየቀኑ በብዛት ከተወሰደ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። እዚህ የገባው አንድ የሻይ ማንኪያ ለስድስት ቁራጭ ስለሚከፈል አያሳስብም።

የኩላሊት ህመም ካለብዎ ሙዝና ወተት ፖታሲየም አላቸው፤ አጃና ወተት ደግሞ ፎስፈረስ። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሴሊያክ ህመም ያለበት ሰው ከስንዴ ጋር ያልተነካካ መሆኑ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን አጃ ብቻ ይጠቀም። የእንቅርት መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) ጠዋት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ውጠው ቁርሱን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆዩት።