የሞተር ሳይክል ገጣባ

ይፋግ የጥንት የገበያ አገር ናት። በበቅሎ ዘመን ወደ ጎንደር የሚወጣውና ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ በዚያ ያልፍ፣ በዚያም ያርፍ ነበር። ጠንቃቃው ነጋዴ ማታ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ከራሱ እራት አስቀድሞ ኮርቻውን ያነሣና የበቅሎይቱን ጀርባ ይዳብሳል። ገጣባ ከኮርቻ ሥር ተሸሽጎ የሚያድግ ቁስል ነውና፣ ሸትቶ እስኪታወቅ የጠበቀ ሰው እቃውን በትከሻው መሸከም ግድ ይሆንበታል።

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በይፋግ አጠገብ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ አስፋልት ነው። ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባው የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ የበቅሎይቱን ቦታ የያዘው ሞተር ሳይክል ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ጥቁር ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ስንጥቅ ነው፤ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሲወጣ ደግሞ ድንጋይና አቀበት ይጠብቃል። ይህም የብረት በቅሎ የራሱ ገጣባ አለው። የሚወጣበትም ስፍራ ያው ከኮርቻው ሥር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። የቀድሞ ሞተር ሳይክሎች ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት አሞርዛተር ነበራቸው፤ ዛሬም ብዙዎች እንደዚሁ ናቸው። ሉሲየን ቲልኬንስ የተባለ ቤልጂጋዊ መሐንዲስ በመካከል አንድ አሞርዛተር ብቻ የሚሠራበትን ዘዴ አስገኘ፤ የጃፓኑ ያማሃም ዘዴውን ወስዶ በ1973 እ.ኤ.አ. በሞተር ክሮስ የዓለም ሻምፒዮንነትን አገኘበት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ካዋሳኪ፣ ሆንዳና ሱዙኪ በአሞርዛተሩና የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ መካከል አንድ ትንሽ መወዝወዣ ብረትና አጫጭር ማገናኛዎች ጨመሩ። ጥቅሙ እንዲህ ነው፤ ጎማው ጠጠር ሲያገኝ አሞርዛተሩ ለስላሳ ይሆናል፤ ትልቅ ድንጋይ ሲያገኝ ግን ክንዱ ከፍ ባለ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል።

ትራያል በሚባለው ውድድር የሚያሸንፈው የፈጠነ ሳይሆን በቋጥኝና በግንድ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካ የሚያልፍ ነው። እግር አንድ ጊዜ ቢያርፍ አንድ ነጥብ ያስቀጣል። ስለዚህ የትራያል ነጂ ይህን ማገናኛ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። በእኛ መንገድ ነጥብ የሚቆጥር ዳኛ ባይኖርም ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው በማፈር ነው። ለሥራ ወደዚያ አገር በሄድሁበት ጊዜ የያዝሁት ሞተር ከኋላ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። እኔም ከጉዞ በተመለስሁ ቁጥር በውሃ አጥበው ስለ ነበር ንጹሕ መስሎኝ ነበር። በመንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድሁት።

«ጋሼ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ቢያደርጉበት አይበቃም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ጩኸት አይደለም፤ አቤቱታ ነው» አሉኝ።

ከሞተሩ ሥር ሣጥን ደግፈው የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሡና ፈቱት። ማገናኛውንም ፈትተው እያንዳንዱን ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ በወጣበት ተራ በጨርቅ ላይ ደረደሩት። የመወዝወዣው ፔርኖ ሲወጣ እንደ ቡና የጠቆረ ዝገት ለብሶ ነበር። በውስጡ ያለው ኩሽኔታ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮሎች አሉት። የጎማ ኩሽኔታ ዙሪያውን ስለሚሽከረከር ግራሶውን ያዳርሳል፤ ይህ ግን ጥቂት ወዲያና ወዲህ ብቻ ስለሚል ሮሎቹ ዘወትር አንዱን ቦታ ይጫኑታል። በወንዝ ስንሻገርና በኃይለኛ ውሃ ስናጥበው ውሃው በጎማ ክዳኑ ሾልኮ ይገባል፤ ግራሶው ያልቃል፤ ብረት ብረትን ይበላል።

የተበላውን በአዲስ ለወጡት። አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ አልመቱትም፤ በሞርሳ ቀስ እያሉ ቀጥ አድርገው አስገቡት። የቀረውን በላምባ አጥበው፣ አድርቀው፣ በሮሎቹ መካከል ግራሶ ሞልተው፣ «በል እንግዲህ አንተ ግጠመው» አሉኝ።

ገጠምሁት። ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቅሁና ቀና ስል፣ በጨርቁ ላይ አንዲት ስስ ሮንዴላ ቀርታለች።

«ይህች እንኳ ምንም አታደርግም» አልሁ።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡኝም። የአሞርዛተሩን የታች ብሎን አውጥተው «ክንዱን አንሣው» አሉኝ። ባነሣው እንደ ደረቀ በር ተንቋቋ፤ ብለቀውም ባለበት ቀረ። የመወዝወዣው ጎን ያለ ሮንዴላዪቱ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ኖሯል። እንዲህ ሆኖ መንገድ ብወጣ ብረቱ እየተፋጨ ይበላ፣ ብሎኑም በጭቃ መካከል ይሰበር ነበር።

ሁለተኛ ፈታሁት። በዚህ ጊዜ ግን ብሎኖቹን ሁሉ አስቀድሜ በጣቴ ብቻ አስገባሁ፤ ሁሉም በየቦታቸው መቀመጣቸውን አይቼ በፋብሪካው መጽሐፍ በታዘዘው ልክ አጠበቅኋቸው። አሞርዛተሩ ሳይታሰር ክንዱን ባነሣው በቀላሉ ወጣ፤ ስለቀው በራሱ ክብደት ወረደ፤ ወደ ጎንም አልተነቃነቀም። መካኒኩ «አሁን እሰረው፤ ጥቂት መንገድ ከሄድህ በኋላም ብሎኖቹን መልሰህ እያቸው» ብለው አሰናበቱኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ አንዲት ሮንዴላ ይህን ያህል መናገር ምን ይባላል ትሉ ይሆናል። ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. ካላዛር የተባለው በሽታ ተነሥቶ ነበር። ምልክቱ ትኩሳት በመሆኑ መጀመሪያ ወባ እየመሰለ ብዙ ሰው ጎድቷል። እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው አንድ ሰው መንደር ድረስ ገብቶ ሕመምተኛውን ሲያይ፣ ደሙም ሲመረመር ነው። ለዚያ ሰው ሞተሩ ጌጥ አይደለም። በመንገድ የቀረ ሞተር የዘገየ መድኃኒት ነው፤ ለግብርና ሠራተኛውም ወቅቱ ያለፈበት ዘር ነው።

የመሥሪያ ቤት ሞተር የጋራ ስለ ሆነ ሁሉም ይጋልበዋል፤ ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ክረምት ሲወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቆርቆሮ ግራሶና አንድ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ጨርቁን መልሶ ማየት ያስፈልጋል፤ በላዩ የቀረ ነገር ካለ ሥራው ገና አላለቀም።