ለአስቸጋሪ የቦውሊንግ ወለል ስለሚደረግ ዝግጅት

በአሜሪካ አገር እጅግ የተለመደው ቦውሊንግ የሚባለው ጨዋታ ሕጉን ሲሰሙት ቀላል ነው። ተጫዋቹ ከ16 ፓውንድ የማይበልጥ ኳስ አንከባሎ በ60 ጫማ ርቀት የቆሙትን አሥር ፒኖች ይጥላል። ነገር ግን 39 ሳንቃ ስፋት ባለው ወለል ላይ ዐይን አጥርቶ የማያየው ዘይት ይቀባልና፥ የጨዋታው ቅለትም ጭንቅም በዚሁ ዘይት አቀባብ ላይ የቆመ ነው።

በየከተማው ባለው የጨዋታ ቤት ዘይቱ በመካከል ወፍሮ በዳርና በዳር ይሳሳል። ኳሱ ወደ ዳር ቢወጣ ደረቁ ሳንቃ ይዞ ይመልሰዋል፤ ወደ መካከል ቢገባም ዘይቱ እያንሸራተተ በመንገዱ ያቆየዋል። ወለሉ ስሕተትን ይሸፍናል ማለት ነው። በዚህ ቤት ብዙ ነጥብ የለመደ ሰው የአሜሪካ ኦፕንን ወደ መሰለ ታላቅ ውድድር በሄደ ጊዜ፥ ዘይቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው ሁኖ ያገኘዋል፤ ጥቂት ሳንቃ ቢስት የሚመልሰው የለም። የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ፥ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፥ ሩቅ መንገድ ተጉዞ በቶሎ የሚሰናበተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ዘይቱ እስከ ፒኖቹ ስለማይደርስ አዋቂዎች አስቀድመው ርዝመቱን ይጠይቃሉ። ከርዝመቱም 31 ይቀንሳሉ፤ 41 ጫማ ቢሆን 10 ይቀራልና ኳሱ ከዳር በ10ኛው ሳንቃ አጠገብ ወደ ፒኖቹ እንዲዞር ያስባሉ። ይህ ግን መነሻ ግምት እንጂ የተቈረጠ ፍርድ አይደለም። የኳሱንም ገጽ እንደ ዘይቱ ብዛት ከውድድሩ አስቀድመው ያሻክሩታል ወይም ያለሰልሱታል።

ከሁሉ የሚበልጠው፥ ብዙዎችም የሚሰለቹት ልምምድ፥ የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ውርወራ መጣል ነው። ለዚህም የፕላስቲክ ኳስ ይመርጣሉ፤ ዘይቱ ብዙም ሳይለውጠው ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። በየዙሩ መጀመሪያ ዘጠኝ ጥሎ የቀረውን አንዱን ሁልጊዜ የሚጥል፥ በመጨረሻው ጭማሪ ውርወራም ዘጠኝ ያገኘ ሰው፥ አሥሩን በአንድ ጊዜ አንዳች ሳይጥል 190 ነጥብ ይደርሳል። በለመዱት ቤት የሚናቀው ይህ ቍጥር በአስቸጋሪው ወለል ላይ የሚከበር ነው።

ዘይቱም እንደ ተቀባ አይቆይም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፉት የሬዚን ኳሶች ዘይቱን ይጠጡታልና፥ በመጀመሪያው ጨዋታ ያገለገለው መንገድ በሦስተኛው ይከዳል። በዚያን ጊዜ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ኳሱ ወደ ግራ እያለፈ ቢያስቸግረው፥ እግሩን ሁለት ሳንቃ ያህል ወደ ግራ አዛውሮ ይቆማል፤ ተራውንም እስኪጠብቅ በአጠገቡ የሚጫወቱት ሰዎች ኳስ የት ላይ እንደሚዞር ይመለከታል።