የትራክተር ጎማ ክብደትና የናፍታ ወጪ

የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ፣ ከሐረር ቆላማ ዳርቻ እስከ ባቢሌና ጅጅጋ ሜዳ ድረስ በትራክተር የሚያርሰውና የሚያሳርሰው ሁሉ የናፍታን ዋጋ ሲያማርር ይሰማል እንጂ፣ ናፍታው በከንቱ የሚያልቅበትን ሥፍራ፣ ይኸውም ጎማው ከአፈሩ ጋራ የሚገናኝበትን፣ ጐንበስ ብሎ ሲመረምር እምብዛም አይታይም። በሐረር ዙሪያ ባለው ተዳፋት በእርግጥ የሚሠራው ዛሬም ዶንጎራ የሚባለው መቆፈሪያና በሬ ነው፤ ነገራችን ስለ ሜዳው ነው።

ትራክተር ሲቀል ጎማው መሬቱን መቆንጠጥ ተስኖት ይሽከረከራል፤ ከልክ በላይ ሲከብድ ደግሞ አፈሩን እየጠቀጠቀ የገዛ ሸክሙን ለመግፋት ናፍታ ያቃጥላል። ስለዚህ ጠበብቱ በማሳ ላይ ከመቶ ከ8 እስከ 15 የሚደርስ መንሸራተትን ይፈቅዳሉ፤ ምንም የማይንሸራተተው ትራክተር፣ ብዙ ሹፌሮች እንደሚመኩበት፣ ብርቱ ሳይሆን ያለ ቅጥ የከበደ ነው።

ተገቢው ክብደት ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ወደ አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን እመጣለሁ። ይህ ብልህ ሰው ማረሻውን በሦስት ክንድ ከትራክተሩ ጀርባ አያይዞ በሃይድሮሊክ ኀይል ቢያነሣው፣ የማረሻው ክብደትና አፈሩ ወደ ታች የሚስበው ኀይል በኋላ ጎማዎች ላይ እንደሚያርፍ ተገንዝቦ፣ ትራክተሩን ለማክበድ ብረት መከመርን ተቃወመ። በ1938 እ.ኤ.አ. ከሄንሪ ፎርድ ጋራ እጅ በመጨባበጥ ብቻ ተዋዋለ፤ ኋላ ግን ውሉ ፈርሶ ኩባንያውን ከሰሰ። በእኔ አስተያየት ፈርጉሰን በክብደቱ ክርክር በመሠረተ ነገሩ ረቷል፤ ነገር ግን ጥበቡ ከኋላ ለሚጎተት ከባድ መሣሪያ ስለማይደርስ፣ ትራክተርን በብረትና በውሃ የማክበድ ደጋፊዎችም ፈጽሞ አልተሸነፉም።

በአገራችንም፣ በጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመረቁት የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በኦክላሆማ መምህራን እጅ ሲቋቋም የመሣሪያን ዕውቀት ከእርሻው ጋራ አጣምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ዕውቀቱ እስከ ጎሚስታው ደጃፍ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ትራክተሩን ለማክበድ ጎማው ውስጥ ውሃ ሲሞላ፣ ጎሚስታው ቫልቮላውን ወደ ላይ አዙሮ፣ ውሃው እስከ ቫልቮላው ቁመት፣ ማለት ሦስት አራተኛው ድረስ፣ ሲደርስ ያቆምና በቀረው ቦታ ነፋስ ይሞላል። በብርድ አገር ውሃው እንዳይረጋ የሚጨመረው ጨው ቸርኬውን ያዝገዋል፤ ለእኛ አየር ግን ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ውሃ በጄሪካን ትቀዳ ለነበረችው ለሐረር ግን ለአንድ ጎማ በመቶ የሚቈጠር ሊትር ማፍሰስ ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ውሃ ከመሙላትህ በፊት ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ እያረስህ 10 ዙር የሚሄደውን ርቀት ለካ፤ ያንኑ ርቀት ማረሻውን አንሥተህ ሂድና ዙሩን ቍጠር። 9 ከሆነ ክብደቱ ልኩ ነው፤ ከ8 ተኩል ካነሰ ጨምር፤ 9 ተኩል ከደረሰ ወይም ካለፈ ቀድሞ የተሞላ ውሃ ካለ አፍስስ።